ኤርካሎ ያልተናገረው ቃል

በ1999 ዓ.ም. በወላይታ፣ ከበዴሳ በታች ያለው ወንዝ ገና በኅዳር ደረቀ። ወደ ላይ፣ ለአውሮፓ ገበያ ፎሶሊያ የሚያመርት እርሻ ተከፍቶ ወንዙን በብረት በር ዘግቶ ወደ ራሱ ቦይ ጠልፎት ነበር። ኤርካሎ ከታች የጎደሬ ማሳ ነበረው። ልጁ ዓመለወርቅ ደግሞ እዚያው እርሻ ተቀጥራ ፎሶሊያ እያጠበች በካርቶን ታሽጋለች። ቀኑን ሙሉ እጇ ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ቤት ስትገባ የሚጠጣ የለም።

የጎደሬው ቅጠል ተጠቅልሎ መሬት ላይ ተኛ። ላሚቱ ሞተች። ኤርካሎ ቀበሌ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ "ልማት ነው፣ ታገሥ" አሉት። አንድ ማለዳ መዶሻ ይዞ ወጣና የብረት በሩን ቁልፍ ሰብሮ ከፈተው። ውሃው እስኪዘጋ ድረስ የታችኛው ሰፈር ሰው በጀሪካንም በድስትም ቀዳ። ኤርካሎን ግን ዘበኞቹ ደብድበው ለፖሊስ አስረከቡት።

ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣው መርማሪ ወላይትኛ አይሰማም፤ ኤርካሎ አማርኛ አይችልም። ስንቅ ይዛ የመጣችውን ዓመለወርቅን አስተርጉሚ አሏት።

"ለምን እንደሰበረው ጠይቂው።"

ኤርካሎ በወላይትኛ፣ "አያቴም አባቴም የጠጡት ወንዝ ነው። ብትፈቱኝ ነገም እከፍተዋለሁ በያቸው" አለ።

ዓመለወርቅ ያበጠ ዓይኑን አየች።

"ጥፋተኛ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ ይላል" አለች። "ውሃው የእርሻው መሆኑን አምኛለሁ፣ ሁለተኛ አልደርስበትም ብሏል።"

መርማሪው ቃሉን ጽፎ ኤርካሎን በጣት አሻራ አስፈረመውና ለቀቀው።

መንገድ ላይ ኤርካሎ ደስ ብሎት ነበር። "አየሽ፣ እውነቱን ሲሰሙ ገባቸው" አላት። ዓመለወርቅ፣ "እንቸኩል፣ ይመሻል" አለችው።

በሦስተኛው ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ማንንም ሳይፈራ፣ ሄዶ በሩን ዳግመኛ ከፈተ። መንግሥት የፈቀደለት መስሎት ነበር።

እንደገና ተይዞ ሶዶ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ አስተርጓሚው መርማሪው የጻፈውን ቃል በወላይትኛ አነበበለት። ኤርካሎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። "ይህን እኔ አልተናገርኩም" አለና ዞሮ ልጁን አያት። ሁለት ዓመት ፈረዱበት።

ማሳው ደርቆ ስለቀረ ቤቱን የያዘው የእሷ ደመወዝ ብቻ ነበር፤ ወደ ፎሶሊያው ተመለሰች። እሁድ እሁድ እናቷ አባይነሽ ያዘጋጀችውን ስንቅ ይዛ ሶዶ ወህኒ ቤት ትሄዳለች። ኤርካሎ "ማን ነው ያመጣው?" ብሎ ጠባቂዎቹን ይጠይቃል። ዓመለወርቅ ናት ሲሉት፣ እንዳለ ይመልሰዋል።