ጓዴ ብቻውን አይውልም

ልብስ ተኳሿ እናቷን ቀብራ ሥራ በገባችበት ቀን የውሻው ልቅሶ አጥሩን አልፎ መንገድ ድረስ ተሰማ። ጓዴ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት እናቷ ናቸው። እግራቸው ከከዳቸው ጀምሮ አልጋቸው ሥር ተጋድሞ ወሬያቸውን ሲሰማ ይውላል፤ ሲያንኮራፉ አብሯቸው ያንኮራፋል። ብቻውን መሆን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ፍጡር አልነበረም። እሷ ሆቴሉ ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ ውላ ስትመለስ፣ በሩ ከታች በኩል ተቦጫጭሮ፣ የጓዴ ጥፍር ደምቶ አገኘችው። ቁጣ አልመጣላትም። ቁጭ ብላ እግሩን ለብ ባለ ውሃ አጠበችለት።

አከራይዋ ክፉ ሴት አልነበሩም።

"ልጄ፣" አሏት፣ "እናትሽ ነፍሳቸውን ይማርና እንደ እህቴ ነበሩ። አንቺንም አልጠላሽም። ግን ጎረቤቱ አፍ አውጥቶ ተናገረኝ። መላ ፈልጊለት፤ አለዚያ ሁለታችሁንም ማስወጣቴ ነው።"

መላ ፍለጋ ወጣች። የመጀመሪያው የእንስሳት ሐኪም ጥፍሩን አይቶ ቅባት ሰጣት። ስለ ልቅሶው ስትነግረው ግን ሳቅ አለና "ውሻ አይደል እንዴ? ይለምደዋል" ብሎ ሸኛት። ሁለተኛው ሰዓቱን እያየ የእንቅልፍ ክኒን አዘዘላት። ክኒኑ ጓዴን እንደ ግንድ አጋደመው። ሲነቃ እግሩ አልታዘዝ እያለው በሩ ድረስ ተሳበና ድምፁ እስኪዘጋ አለቀሰ። ይህን በመስኮት አይተው የነገሯት አከራይዋ ናቸው፤ ሲነግሯት እሳቸውም ዓይናቸውን ይጠራርጉ ነበር።

ሦስተኛዋን ሐኪም የጠቆመቻት አብራት የምትተኩስ ጓደኛዋ ናት። ሐኪሟ ከከተማው ዳር፣ ከእንጨት መጋዘን አጠገብ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ፀጉሯ የሸበተው ሐኪም ጓዴን ጠረጴዛ ላይ አውጪው አላለችም። ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠችና ራሱ እስኪመጣ ጠበቀችው። መጥቶ ጉልበቷን ሲያሸት ቀና ሳትል ጠየቀች።

"ከቤት ማን ጎደለ?"

ተኳሿን ከቀብሩ ወዲህ ይህን የጠየቃት አልነበረም። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ ነገረቻት።

ሐኪሟ የጓዴን ደረት ረዘም አድርጋ አዳመጠች።

"እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ። የሚያረጋጋ መድኃኒት አለ። ግን ልቡ ደክሟል፤ ለዚህ ልብ እሱን ለመስጠት አልደፍርም። የቀረን ማስለመድ ነው። ትወጫለሽ፤ ጭንቅ ሳይዘው ትመለሻለሽ። እያደር ትንሽ ትንሽ ትቆያለሽ። ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ግን ከሚችለው በላይ ብቻውን መዋል የለበትም፤ የለፋሽበት ሁሉ ይፈርሳል።"

"ሥራዬስ ዶክተር?"

"ቤት የሚውል ሰው የለም?"

"ቤት የምትውለው እማዬ ነበረች።"

የዓመት ፈቃዷን ወሰደች። በሩን ዘግታ ትወጣና ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትገባለች። እንዲህ ስትወጣ ስትገባ ሰነበተች። ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል ሱቅ ደርሳ ስትመለስ ጓዴ ምንጣፉ ላይ እንደተጋደመ ጅራቱን ብቻ ይወዘውዝላት ጀመር። አለቃዋን ጥቂት ቀን እንዲጨምርላት ብትለምነው "ለውሻ?" አላትና ወሬውን ቀየረ።

ታናሽ ወንድሟ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ይጠግናል።

"እትዬ፣ እኔ ጋ ይዋል" አላት። "እኛ ጋ ሲሰደብ ይውል እንደሆነ እንጂ ብቻውን አይውልም።"

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ሐኪሟም "ይሞከር" አለች፤ ፊቷ ግን እንደ ቃሏ አልነበረም።

ጋራዡ ውስጥ ሰው ሞልቷል። መካኒኮቹ ከምሳቸው ይቆርሱለታል፤ ጆሮውን ይዳብሱታል። ለጓዴ ግን ሰው ሁሉ ሰው አልሆነለትም። ከብረቱ በር ሥር ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ይውላል። ቀስ በቀስ ምግብም ተወ። አንድ ጠዋት ትታው መታጠፊያው ጋ ሳትደርስ ወንድሟ እየጮኸ ተከተላት። ስትመለስ ጓዴ በጎኑ ወድቆ አፉን ከፍቶ ያለከልካል።

ሐኪሟ ጋ ተቻኩለው ወሰዱት። ደረቱን አዳምጣ ስትጨርስ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ቀስ ብላ አወረደች።

"ሳንባው ውሃ ሞልቷል። ከዚህ በኋላ የማደርግለት ቢኖር ስቃዩን ማሳጠር ነው።"

"መጀመሪያውኑ እርስዎ ጋ መጥቼ ቢሆንስ?"

ሐኪሟ የጓዴን ጆሮ ዳበሰች።

"ልቡን ላድሰው አልችልም ነበር። ጭንቀቱን ግን... ምናልባት። አላውቅም፣ እህቴ።"

ተኳሿ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ራሱን ጭኗ ላይ አስተኛች። መርፌው ሲገባ ዓይኑ ከፊቷ አልተነቀለም። ከዚያ እያየ ማየት ተወ።

ወንድሟ ደጅ ደረጃው ላይ በጠቆረ እጁ ግንባሩን ይዞ ተቀምጧል።

"ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ" አላት።

"ሌላ ሐሳብ ያመጣ አልነበረም። ሂድ፣ ሥራህ ግባ።"

እሷም ሥራዋ ገባች። ሲመሽ ሌሎቹ ሽርጣቸውን እያወለቁ ተሰናበቷት። ጓደኛዋ በሩ ላይ ቆም ብላ "አትሄጂም?" አለቻት።

"ይችን ልጨርስ" አለች።

የቀረ አንሶላ አልነበረም። ጓደኛዋ እስክትርቅ ጠበቀችና ከታጠፉት አንዱን ፈታ እንደገና መተኮስ ጀመረች።