ረጅሙ ዓምድ

በብረት ፋብሪካው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ግራፍ ሁሉ ከድሮ ጀምሮ የምርት ነበር፤ ዓምዱ የረዘመለት ክፍል ይኩራራል፣ ያጠረበት አንገቱን ይደፋል። ዛሬ ጠዋት አዲስ ግራፍ ተለጠፈና የቆራጮች ቀይ ዓምድ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ከላይ የተጻፈውን ርዕስ ማን አይቶት! የቆራጮች አለቃ ደረቱን ነፍቶ ወደ በያጆች አለቃ፣ ወደ እህቱ ባል ዞረ።

«አማቼ፣» አለ ጣቶቹን መጋዝ በበላበት እጁ ግራፉን እያሳየ፣ «ያንተማ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም! እህቴን የዳርናት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰነፍ ነው?»

አማቹ በቡጢ አፍንጫውን አለው። የቆራጮች አለቃ ደሙን በእጅጌው ጠረግ አድርጎ የብረት ቱቦ አነሳና የአማቹ መንጋጋ ላይ አሳረፈ። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሁሉም ሰማው። ከዚያማ ቆራጭና በያጅ ተያያዘ፤ ጥርስ ረገፈ፣ ቅንድብ ተተረተረ፣ መሬቱ በደም አዳለጠ።

በስንት ግልግል ሲላቀቁ የሥራ ደኅንነት ኃላፊዋ ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ መጣች። ደሙን ተራምዳ ግድግዳው ጋ ደረሰችና የበያጆችን ዓምድ ከፍ አደረገችው።

«አንቺ! የእነሱን ለምን ታስረዝሚያለሽ?» ብሎ ጮኸባት የቆራጮች አለቃ።

«ርዕሱን አታነብም እንዴ? ይሄ እኮ በየክፍሉ የተጎዳ ሰው ግራፍ ነው። የአማችህን መንጋጋ መጨመሬ ነው።»

አለቃው መሬት ላይ የሚያቃስተውን አማቹን አየ፤ ከዚያ ግራፉን አየ።

«ታዲያ የሰበርኩት እኔ አይደለሁም? ለእኛ ጨምሪልን እንጂ!»