ዳሬሰላም ያለችው ፋና

በገዛ ስምህ ፓስፖርት ልታወጣ ሄደህ፣ የመስኮቱ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አይቶ «አንተማ ታንዛኒያ ነህ» ቢልህ ምን ትለዋለህ?

የሚዛን ተፈሪ ጎረቤቴ የወይዘሮ ተሾመች ልጅ ፋና ይትባረክ ባለፈው ሐምሌ ጅማ ላይ የገጠማት ይህ ነው። ፋና በዲግሪ ተመርቃ ቴፒ አጠገብ ባለ የቡና ችግኝ ጣቢያ ትሠራለች። የቡና መድረቅ በሽታን እንድታጠና አንድ የኡጋንዳ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጥቷታል። ጅማ ድረስ ሄዳ ተሰለፈች፣ ፎርም ሞላች፣ አሻራ ሰጠች። ከዚያ ከሰልፉ ወጥታ እንድትቆም ተነገራት።

«ፋና ይትባረክ ከሦስት ዓመት በፊት ፓስፖርት ወስዳለች፤ አሻራው ግን የአንቺ አይደለም። የማንን ሰነድ ነው ይዘሽ የመጣሽው?»

ሰነዷ ተያዘ። ጉዳዩ ወደ ምርመራ ተላከ።

ያቺ ሌላዋ ፋና ታላቅ እህቷ ሳራ ናት። ዳሬሰላም ውስጥ ለአንድ የሴቶች እግር ኳስ ክለብ በአጥቂነት የምትጫወተው፣ ከተማችን በሞተር ሳይክል ሰልፍ የሸኛት ሳራ። ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ አውቃለሁ፤ ፈርሜበታለሁና።

በ2010 ዓ.ም. «ጎህ» የሚባል የሴቶች ቡድን ነበረን። ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ለሆኑ ልጃገረዶች ውድድር ሊሄድ ሲዘጋጅ፣ ጎል የምታገባለት ሳራ ሃያ ዓመት ሞልቷት ነበር። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ከፈለኝ የልደት ምስክር ወረቀት ማመልከቻ ሞልቶ ወደ ወይዘሮ ተሾመች የኮረሪማ ሱቅ መጣ። ስሙና የልደት ቀኑ የታናሽየዋ የፋና ነው፤ የተለጠፈው ፎቶ የሳራ። ቀበሌው የሚፈልገው «እውነትም ይህቺ ፋና ናት» የሚሉ ሦስት ምስክሮች ብቻ ነው። አንደኛው የቡድኑ አሠልጣኝ ሆነ፣ ሁለተኛው የጎን ባለሱቅ አባቦራ፣ ሦስተኛው እኔ።

«ሴት ልጅ ላይ ዕድሜ መጨመር ነው ነውሩ» አለ አባቦራ እየሳቀ። «እኛ እኮ እየቀነስንላት ነው። ትመርቀናለች።»

«ፋናስ?» አልኩ።

«እሷ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ወረቀት ምን ያደርግላታል?» አለ ከፈለኝ። «መምህር፣ የምናደርገው ትልልቆቹ ክለቦች የሚያደርጉትን ነው። ሕግ የሚከበረው እኛ ጫካ ያለነው ላይ ሲደርስ ነው እንዴ?»

ይህ አነጋገር ገዛኝ። መሐል አገር እንደሚበድለን ስጽፍና ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እኔም አንዲት ልጅ ልበድል እንደምችል አልታየኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ሥነ ዜጋ ባስተማርኩበት እጄ እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ፈረምኩ። ሳራ በዚያ ወረቀት ውድድሩን ተጫወተች፣ አዲስ አበባ ገባች፣ ከዚያ ዳሬሰላም።

ነሐሴ ላይ ለእረፍት መጣች። ወይዘሮ ተሾመች እኔንና አባቦራን አስጠሩን። ስንገባ ሁለቱ እህትማማቾች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«ሳራ፣ ወንበር አምጪላቸው» አሉ እናቷ። ሳራ ቀና አላለችም።

«ፋና ብለሽ ጥሪያት» አለች ፋና። «አሁን የምትሰማው በእሱ ነው።»

«ነገር አትፈልጊኝ።»

«ልደቴን ስታከብሪ አየሁሽ እኮ፣ ፌስቡክ ላይ። ከነኬኩ፣ ከነሃያ ሁለት ሻማው። እኔ ያን ቀን ችግኝ ሳጠጣ ነበር የዋልኩት።»

«ደስ ብሎኝ ያጠፋሁት ይመስልሻል?» አለች ሳራ። ሱሪዋን ሰብስባ ያበጠ ጉልበቷን አሳየቻት። «የክለቡ ሐኪም፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጉልበት አላየሁም ብሎ ከአንዱ ምርመራ ወደ ሌላው ይልከኛል። የሌለብኝን በሽታ ይፈልጋል። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው ልበለው? እታገዳለሁ። ታግጄ ስመለስ ማን ያሰልፈኛል?»

«እኔስ ዲግሪዬን በማን ስም ይዤ ልሂድ?»

በዚህ መሀል ከፈለኝ ገባ፤ መላ ይዞ ነበር የመጣው።

«ቀላል ነው» አለ። «ፋና በሳራ ስም ታውጣ። በሳራ ስም ፓስፖርት የወሰደ የለም።»

«ዲግሪዬስ?»

«እሱም ይስተካከላል። ሦስት ምስክር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።» የሞላውን ማመልከቻ ከነእስክሪብቶው ወደ እኔ ዘረጋ። «መምህር፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

ወረቀቱን ከእጁ ነጥቄ ቀደድኩት።

«ያኔ ብትቀድደው ምን ነበረበት?» አለኝ አባቦራ።

ከፈለኝ ተቆጥቶ ወጣ። ሳራ ከወለሉ ላይ ብጥስጣሹን አንድ በአንድ ለቀመች፤ የእህቷን ፎቶ፣ ከሥሩ የራሷን ስም እያየች ብዙ ቆየች። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ጅማ ሄዱ። ፎቶውም አሻራውም የእኔ ነው፣ ስሙ የእህቴ ነው ብላ ሳራ ቃሏን ሰጠች። ሳምንት ሳይሞላ ክለቧ አገዳት።

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። አቶ ከፈለኝ ለመርማሪው በጽሑፍ መለሰ፤ መልሱንም በቡድኑ የፌስቡክ ገጽ ላይ ለጠፈው፦ «ቡድናችን ተታሏል። ሁለቱ እህትማማቾች ተመሳጥረው ሰነድ አቅርበውልናል።» ሁለቱ እህትማማቾች! ስሟ ሲወሰድ ትምህርት ቤት የነበረች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ዛሬ ተጠርጣሪ ናት። እኔና አባቦራ ቃላችንን ሰጥተናል፤ መርማሪው ግን የፈረማችሁት እናንተው ናችሁ፣ እኔ የምፈልገው ወረቀቱን ያመጣውን ሰው ቃል ነው አለን። አሠልጣኙ ስልክ አያነሳም። ኡጋንዳ ያለው ዩኒቨርሲቲ የፋናን ቦታ የሚጠብቀው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ብቻ ነው።

ሳራ የኳስ ሕይወቷን ሰጥታለች። እኔ ለፊርማዬ የሚፈረድብኝን እቀበላለሁ። አቶ ከፈለኝ፣ እርስዎ ብቻ ቀሩ። የፊታችን ቅዳሜ አዳዲስ ልጃገረዶች ሊመዘግቡ ሜዳ ላይ ይወጣሉ፤ እናቶቻቸውም ይመጣሉ። ከመመዝገብዎ በፊት በእነሱ ፊት ይመልሱ፦ ያን ማመልከቻ የሞላው ማን ነው? ፎቶውን የለጠፈው ማን ነው? ፋና ይትባረክ የምታውቀው ነገር ነበር ወይስ አልነበረም? ስልክ አይደውሉልኝ፣ ሽማግሌም አይላኩብኝ። ሜዳው ላይ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይመልሱ።