የአምስት ደቂቃ ጡት

ሚዛኑ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ ግራም አለ። ሕፃኗ በአሥራ ስድስተኛ ቀኗ ከተወለደችበት ክብደት ሁለት መቶ አርባ ግራም ጎድላለች። አራሷ ቁጥሩን ሁለቴ አነበበችው፤ አልተለወጠም።

«አላልኩም?» አሉ አማቷ፣ የዱቄት ወተቱን ጣሳ አውርደው ውሃ እየጣዱ። «ጡቷ ደርቋል። ልጅቷ ዓይናችን እያየ እያለቀች ነው።»

«እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለች የጤና ጎብኚዋ። በየማክሰኞው ሚዛኗን አንግታ አዲስ እናቶችን ቤት ለቤት የምታይ ወጣት ናት። «አንዴ ስታጠባ ልይና እንደገና ልመዝናት። ካልጨመረች ሐኪም ጋ ራሴ እወስዳታለሁ።»

«ለመሆኑ አንቺ ስንት ወልደሻል?»

«አንድም።»

«ያልወለደች ወላጅ ታስተምር!»

የአራሷ ጆሮ ውሃው ላይ ነበር። ሲፈላ ጡጦው ይሞላል፤ ጡጦ አንዴ ቤት ከገባ ደግሞ አማቷ እንደማያስወጡት ታውቃለች። ስልኳን አጠገቧ አስቀምጣ ልጇን አቀፈች። ሕፃኗ ጡቱን ይዛ ጥቂት ቆይታ መዋጥ እንደጀመረች ስልኩ ጮኸ። አራሷ ሳታመነታ ጣቷን በሕፃኗ አፍ ጥግ ሰደደችና አላቃ ወደ ሌላው ጡት አዞረቻት። ሕፃኗ ጮኸች።

«ለምን አላቀቅሻት?» አለች ጎብኚዋ።

«አምስት ደቂቃዋ ሞላ።»

«አምስት ደቂቃ ያለሽ ማን ነው?»

አራሷ አፈረች። ሰባት ዓመት ሙሉ የሸሚዝ አንገትጌ ሰፍታለች፤ ፋብሪካው ውስጥ ደወል ሲጮህ እጅ ይነሳል፣ ቀጣዩ አንገትጌ ይገባል። ለልጇም ያንኑ ደንብ አውጥታ አንዲት ደቂቃ ሳታዛንፍ ጠብቃዋለች። ትጋት መስሏት።

«ሁለቱም እኩል እንዲሠሩ ብዬ ነው።»

«ወተቱ ገና መውረድ ሲጀምር እኮ ነው የምትነጥቂያት! ራሷ እስክትለቅ ተያት።»

ውሃው ፈላ። አማትየው ጣሳውን ከፈቱ። ሕፃኗ ጡቱን መልሳ ይዛ መጥባት ጀመረች። ስልኩ ዳግመኛ ጮኸ፤ የአራሷ ጣት በልማዱ ተነስቶ አየር ላይ ቀረ።

«ዝም በል አንተ!» አማትየው ስልኩን ብድግ አድርገው ጉያቸው ውስጥ ወሸቁት።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሕፃኗ ራሷ ለቀቀች። በዚያው ልብሷ ሚዛን ላይ ወጣች።

ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አምስት።

«ድገሚው» አሉ አማትየው። ተደገመ። ያው ነው።

ጣሳውን ከደኑት፤ ያስቀመጡት ግን እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ነው። «እስከ ሐሙስ» አሉ።

«ሐሙስ መጥቼ እመዝናታለሁ» አለች ጎብኚዋ።

አራሷ እጇን ዘረጋች። «ስልኬንስ እማማ?»

«እሱም ሐሙስ!»