የቀልዴ ጉሮሮ

ሰፈሩ ሁሉ ቀልዴ ይለዋል። የመኪና ባትሪ ይጠግናል። ሱቁን ከእህቱ የልብስ ስፌት ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው። እሷ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ እሱ ከወዲያ ሆኖ ያበሽቃታል፦ «እትዬ፣ ቀስ በይ እንጂ! ያንን ሱሪ ዳገት ላይ እየነዳሽው ነው እንዴ?»

እናታቸው ስትሞት ገና አንድ ፍሬ ልጅ ነበር። አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እትዬ ይበላት እንጂ እናቱም ነች።

ቀልዱ ግን ልክ አልነበረውም። አንዴ ኤሌክትሪክ የያዘው መስሎ መሬት ላይ ሲንፈራገጥ እሪ ብላ ጎረቤት ከሰበሰበች በኋላ፣ ተነሥቶ አቧራውን እያራገፈ «ለካ ትወጅኛለሽ!» ብሏታል። ሁለተኛ ላታምነው የማለችው ያን ጊዜ ነው።

ሌላ ቀን ደግሞ የባትሪ አሲዱ ጀሪካን ስላንጠባጠበበት የተረፈውን በውኃ ፕላስቲክ ገልብጦ ከጠረጴዛው ሥር አኖረው። የሚጠጣው ውኃም እዚያው ነበር። ቀትር ላይ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያግለው፣ ዓይኑን ከሥራው ሳይነቅል እጁን ሰደደና ተጎነጨ።

እህቱ የወንበር መውደቅ ሰማች። ወዲያው ጉሮሮውን ይዞ በሯ ላይ ቆመ።

«ሂድ ወዲያ! ዛሬስ አልሸወድም» አለችው ከስፌቷ ቀና ሳትል።

አልመለሰላትም። ቀልዴ መልስ ሲያጣ አይታ አታውቅምና ቀና አለች። ለሃጩ በአገጩ ይወርዳል፤ ሊውጠው ይታገላል፣ አይችልም። ከንፈሩ እንደ ተቀቀለ ሥጋ ነጥቷል። ደረቱ ላይ የፈሰሰበት ሸሚዝ መበሳሳት ጀምሯል።

«ምን ጠጣህ? ወንድምዓለም፣ ምን ጠጣህ?»

በጣቱ ወደ ባትሪዎቹ አመለከተ።

ጩኸቷን ሰምቶ ማዶ ያለው በያጅ እየሮጠ መጣ። ለሰው ደራሽ፣ ደግ ሰው ነው። «ማስመለስ አለበት! ሆዱ ውስጥ ከቆየማ አለቀለት» አለ። ጨው በጥብጦ ሰጣት፤ እሷ ጭንቅላቱን ይዛ ጋተችው። ቀልዴ እጇን እየገፋ፣ በዓይኑ እየለመናት ዋጠ። ሲያስመልሰው የወጣው ደም የተቀላቀለበት ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፁ የሰው ድምፅ አልመስል አላት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሟ የጠጣውን ጠየቀች። ቀጥላም «አስመልሶታል?» አለች።

«አዎ ዶክተር፣ እኛው አስመለስነው።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ምነው? ጥፋት ነበር?»

«አሲድ ሲወርድ ያቃጥላል፣ እህቴ። ሲመለስ ያንኑ መንገድ ዳግመኛ ያቃጥለዋል። አፉን በውኃ አስጉመጥምጦ፣ ልብሱን አውልቆ፣ የነካውን ገላ በብዙ ውኃ አጥቦ ቶሎ ማምጣት ነው እንጂ…» የሴትዮዋን ፊት ስታይ አቋረጠች። «አላወቃችሁም» አለች።

አላወቃችሁም መባሉ ለእህትየው ማጽናኛ አልሆናትም።

ቀልዴ አልሞተም። ቁስሉ ሲጠግግ ግን ጉሮሮው እንደ ከረጢት አፍ ተሰበሰበ። ሐኪሞቹ ያሰፉታል፣ መልሶ ይጠባል፤ ያሰፉታል፣ ይጠባል። በመጨረሻ ሆዱን ቀደው ቱቦ አስገቡለትና ወደ ቤት ሸኙት። እሷ በጨርቅ ያጠለለችውን ሾርባ በቱቦው ታንቆረቁርለታለች። እሱ ምራቁን ኩባያ ውስጥ እየተፋ ያያታል።

አንድ ቀን በሻከረ ሹክሹክታ «እትዬ» አላት።

«ወዬ!»

«እጅሽ ይባረክ፤ ይጣፍጣል።»

ልትስቅለት ፈለገች። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ለቅሶ ሆነ። እሱም አይቷት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲህ አልቀለደም።

ብርዱ ሲገባ ሳንባው ታመመ። የሚታገልበት አቅም አልነበረውም፤ ጧት ልታጥበው ስትገባ ቀዝቅዞ አገኘችው።

በያጁ ሊያስተዛዝን መጥቶ በሩ ላይ ቀረ፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችው። ሰው ሁሉ «ምን ይደረግ፣ እሱ ያለው አይቀርም» ይላል። ሁለቱ ግን መሬት መሬቱን እያዩ እስኪመሽ ጎን ለጎን ተቀመጡ።