ፈዲሉ ከዋቢ ሸበሌ ያመጣው ዓሣ

እኔ ዓሣ አልወድም። መብላቱንም፣ ማየቱንም። ግን አራት ዓመት ሙሉ አንድ ዓሣ እየቀለብኩ ኖርኩ፤ እሱም እባብ የሚመስለውን! ምን ይደረጋል፣ ባል የሚሉት ጣጣ ያመጣብኝ ነው።

ባሌ ፈዲሉ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በሰባ አራት ዓ.ም. እህል ጭኖ ጎዴ አድርሶ ሲመለስ ከዋቢ ሸበሌ ዳር አንድ ጄሪካን ይዞ አምቦ ቤታችን መጣ። "ምንድን ነው?" ስለው "እንግዳ ነው" ብሎ ሳቀ። ሳፋ ላይ ሲገለብጠው ወላሂ ጮኼ ነው የወጣሁት። ጣት የማይሞላ ቀጭን ነገር፣ ጥቁር፣ ይጥመለመላል።

"እባብ አይደለም፤ እይው ክንፍ አለው፣ ዓሣ ነው" አለ።

"ክንፉን አንተ እየው" አልኩት። ሦስት ቀን አላናገርኩትም።

እሱ እቴ! የሱቃችንን የብስኩት መስታወት ሣጥን አራግፎ፣ ጠርዙን በስቱኮ ደፍኖ፣ ውሃ ሞላና እንግዳውን ከተተው። ስሙም እንግዳው ሆኖ ቀረ። እየበላ እየበላ ክንድ አከለ። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ካልተጫነ ደግሞ ይወጣል። አንድ ቀን ወጥቶ ከጨው ጆንያ ሥር ተኝቶ ተገኘ። ጨው ልትገዛ የመጣችው ጎረቤታችን ጉዴ ጫማዋን ጥላ በባዶ እግሯ ሮጠች። "ሸምሲያ ቤቷ እባብ ትቀልባለች" ተባልኩ። ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጥተው "ባዕድ አምልኮ ነው ወይ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ሰላቴን እንኳ በወጉ የምሰግድበት ጊዜ ያጣሁ ሰው ነኝ፤ ለዓሣ የምሰግደው መቼ ነው?" አልኳቸው። አንደኛው ሳቀና ሄዱ።

እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነበር። በሰባ ስምንት ጥቅምት ላይ ፈዲሉ አዲስ ዓለም ሲደርስ ጎማ ሊያይ ከመኪናው ወርዶ፣ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ደም ግፊት ነው አሉ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ ምላሱም ተያዘ። ያ መንገዱን ሁሉ እያንጎራጎረ የሚነዳ ሰው አንድ ቃል ጠፋው። ከሆስፒታል ሲያመጡልኝ ሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ከመስታወቱ ሣጥን አጠገብ አስተኛሁት። ሌላ ቦታም የለኝ።

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና መብላት እንቢ አለ። አጥሚት ብለው፣ ሾርባ ብለው አፉን ይገጥማል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ኤጄታ መጥቶ አየውና ውጭ አውጥቶኝ "ካልበላ ረጅም ጊዜ የለውም፤ ልንገርሽ ብዬ ነው" አለኝ። ሳምንት አለፈው። የጉንጩ አጥንት ወጣ።

አንድ ጠዋት ለእንግዳው ጉበት እየጣልኩ ንዴቴ ገነፈለ። "ብላ! በል አንተ እንኳ ብላ!" ብዬ ጮህኩበት። ዞር ስል ፈዲሉ ፊቱን መልሶ ዓሣውን ያያል፤ አፉም ትንሽ ተከፍቷል። ቢስሚላህ ብዬ የአጥሚቱን ማንኪያ ሰደድኩ። ዋጠ! ያ አላህ፣ ዋጠ! ቶሎ ብዬ ሌላ ቁራጭ ለዓሣው ጣልኩ፤ እሱ ሲበላ ፈዲሉም በላ።

ከዚያ ወዲያ ሕጉ ይህ ሆነ፤ ለእንግዳው አንድ፣ ለፈዲሉ አንድ። በቀን ሦስት ጊዜ። ያለ ዓሣው አንድ ማንኪያ አይገባም፤ ሞክሬዋለሁ። ስለዚህ የባሌ ነፍስ እዚያ መስታወት ውስጥ ባለ፣ በማልወደው ነገር ተንጠልጥላ ቀረች።

ደከመኝ። ሌላ ቃል የለኝም። ጠዋት አገላብጬ አጥበዋለሁ፣ አበላዋለሁ፣ ሱቅ እከፍታለሁ፤ ሰው "ሸምሲያ፣ ስኳር" ሲል እሮጣለሁ፣ ወዲያው ጀርባ ገብቼ አገላብጠዋለሁ። በየሁለት ቀኑ የዓሣው ውሃ መቀየር አለበት፤ አራት ጄሪካን ማውጣት፣ አራት ማስገባት። ወገቤ የእኔ አልመስል አለኝ። እኔ የምበላው ቆሜ፣ ካስታወስኩ ነው። ቀሚሴ ሰፍቶኝ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ሰው "ከሳሽ" ሲለኝ "ጾም ነው" እላለሁ፤ ረመዳን ካለፈ ከወር በላይ ሆኖታል።

ሐምሌ ላይ የቧንቧው መስመር ተሰበረና ዘጠኝ ቀን ውሃ ጠፋ። ቆርቆሮ ጣራዬ ዝገት፣ ሁሉቃ ወንዝ ጭቃ ብቻ ነው የሚያወርዱት። የእንግዳው ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ሸተተ፤ እሱም አፉን ወደ ላይ አድርጎ ይተነፍሳል።

በአሥረኛው ቀን ጋሪ ነጂው ኦቦ ዲንሳ ደጄ ላይ ቆሙ።

"አካም ቡልቴ፣ ያ ሸምሲያ? እንዴት አደርሽ? ለፈዲሉ ከፍልውሃው ጠበል አምጥቻለሁ። ይጠጣ፣ ይታጠብ። ስንቱን አድኗል እኮ!" አሉና አራት ጄሪካን አወረዱልኝ።

መረቅኳቸው። አምቦ የኖረ ሰው ይህን ውሃ ያውቀዋል፤ ሆድ ያሽራል፣ ሊጥ ያነሳል፣ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣበታል። ሰው የሚያድን ውሃ ዓሣ ይገድላል ብዬ በየት በኩል ልጠርጥር? እንዲያውም እንግዳውም ይዳንበት አልኩ። የቆሸሸውን ቀድቼ ደፋሁ፤ ያንን ቀዝቅዞ የመጣ፣ በጋዝ አረፋ የሚሞላ ውሃ እስከ አፉ ሞላሁለት። አረፋው ሰውነቱ ላይ ሁሉ ተለጠፈ። ሁለት ጊዜ ዞረ፣ መስታወቱን በራሱ መታው። ሱቅ ውስጥ ሰው ጠርቶኝ ወጣሁ። ስመለስ ነጭ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፍፏል።

ለካ ጋዙ ለዓሣ መተንፈሻ አያስቀርለትም፤ ይህን የነገረኝ አንድ አስተማሪ ነው፣ በኋላ።

ፈዲሉን አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ዓሣውን በፎጣ ጠቅልዬ ወስጄ ጓሮ ቀበርኩት። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እረፍት ነው። የአራት ጄሪካን እረፍት። ወዲያው ግን ባሌን በእጄ ገደልኩት አልኩ።

ምን ላድርግ? መስታወቱን በሻሽ ሸፈንኩት። "እንግዳው ብርሃን አልስማማው ብሏል፤ ተሸፍኖ ይብላ" አልኩት። ጨርቁን በትንሹ ገልጬ ጉበቱን ጣል አደርግና "ይኸው በላ!" እላለሁ፤ ፈዲሉ አፉን ይከፍታል። ሦስት ቀን እንዲህ ዋሸሁ። እሱም ሦስት ቀን በላ፤ እንዲያውም ከወትሮው ፈጥኖ። የጣልኩት ጉበት ከሥር እየበሰበሰ ክፍሉ ከረፋ፤ እኔ እጣን ባጨስ ይነቃብኛል ብዬ በሩን ከፍቼ እተወዋለሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቁራጩን ጥዬ ማንኪያውን ወደ እሱ ሳዞር አፉን ገጠመ።

"ምነው? እንግዳው በላ እኮ!"

በደኅናው ግራ እጁ ማንኪያውን ገፋው። አለቀ፣ እንደዚያ ሳምንት ሊሆን ነው አልኩ። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ ከጉድጓድ የሚወጣ ያህል ቆየ።

"ሞ...ተ።"

ዘጠኝ ወር ያልሰማሁት ድምፅ! እኔ ግን እንደ ሞኝ "ማን ሞተ?" አልኩ።

"አየሁ" አለ።

ተናደድኩ፤ እልል ማለት ሲገባኝ ተናደድኩ። "አይተህ ነው? እያወቅህ ነው ሦስት ቀን የበላኸው? በዚህ ግማት ውስጥ? ታዲያ ለማን ብለህ ነው?"

እኔን ነበር የሚያየው፤ ቀሚሴን የያዘውን መርፌ ቁልፍ፣ አንገቴ ሥር ያለውን አጥንት። ለማን ብሎ እንደበላ ገባኝና አፈርኩ። ማንኪያውን ከእጄ ወሰደው። በግራ እጁ አጥሚቱን ሲቀዳ ግማሹ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ፤ የተረፈውን አፌ ላይ አደረሰው።

"ብዪ።"

"አንተ ቅደም፣ ሆዴ፣ አንተ ነህ በሽተኛው።"

"ብዪ" አለኝ፣ ኮስተር ብሎ።

አፌን ከፈትኩ። አጥሚቱ ቀዝቅዟል፣ ምንም አይጥምም። ዘጠኝ ወር እሱን ይህን ነበር የምግተው። ፈዲሉ ሁለተኛውን ማንኪያ ይቀዳ ጀመር፤ ከሱቅ "ሸምሲያ!" የሚል ድምፅ መጣ፤ አልተነሳሁም።