የሹሚንግ ጨረባ

ዩንሺዩ ለቀዝቃዛ ምግብ በዓል ከሊጥ የሠራቻቸው የጨረባ ወፎች ትናንት በእንፋሎት በስለው፣ ዛሬ ቀዝቅዘው፣ በአኻያ ቅርንጫፍ ተሰክተው ከመስኮቱ በላይ ተንጠልጥለዋል። ዐይናቸው ቁንዶ በርበሬ ነው። በበዓሉ እሳት ማንደድ ክልክል ስለሆነ ምድጃው ጠፍቷል። በምያን ተራራ ሥር ባለው መንደር ዛሬ ከአንድም ጣሪያ ጭስ አይወጣም።

«ሦስት ናቸው» አለ ባሏ ዲንግባው አንጋጦ። «እኛ ስንት ነን?»

«ሦስት ነን።»

«የአባቱን የኮምጣጤ ጋን ንቆ ከተማ መኪና ለሚያጥብ ልጅ ጨረባ?» ስልኩን ከኪሱ መዘዘ። «እስከ ነገ ካልመጣ ልብሱን አቃጥላለሁ፣ ክፍሉን አፈርሳለሁ እለዋለሁ። ያኔ እየሮጠ ይመጣል።»

«ዛሬ በየትኛው ክብሪት?»

ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ፊቱን አዙሮ ወደ ግቢ ወጣ።

ዩንሺዩ ልጇን ሹሚንግን ታውቀዋለች፤ ግትርነቱ የአባቱ ነው። ያ ቃል አንዴ ከተነገረው ደጃቸውን ዳግም አይረግጥም። ባሏን ልትከተለው አስባ ነበር፤ ግን ትናንት ሙሉ ቀን ሊጥ ስታሽ ውላ ድካሙ አልለቀቃትም። እሳት ባልነካው የጡብ መደብ ላይ አረፍ እንዳለች ዐይኗ ተከደነ።

በሕልሟ፣ በዓሉ የሚዘከርለት የጥንት ሰው እናቱን አዝሎ ተራራውን ይወጣል። የታዘለችው እሷ ናት፤ ጀርባው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ከታች ንጉሡ «ውጣ! ልሸልምህ ነው!» እያለ ይጣራል። ንጉሡ በስደት ሲራብ ይህ ሰው የራሱን ጭን ቆርጦ አብልቶት፣ ሲነግሥ ረስቶት፣ ዛሬ ነው ትዝ ያለው። እንዲወጣለት ጫካውን ለኮሰው። ከጭሱ መሃል የሊጥ ጨረባዎች ክንፋቸው እየጠቆረ ብን ብን አሉ። «ተው!» ልትል አፏን ብትከፍት ቀዝቃዛ ሊጥ ሞላው። ንጉሡ ዞር ሲል ዲንግባው ነው፤ ያለቅሳል።

ብንን ብላ ወደ ደጅ ወጣች። ዲንግባው ለልጁ ደውሎ ስልኩ እየጠራ ነበር።

«የሹሚንግ አባት» አለችው ቀስ ብላ፣ «ንጉሡም እኮ እንዲወጣለት ብሎ ነው። ያገኘው ግን ዐመድ ነው።»

«አባዬ?» አለ ስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ። «ምን ሆናችሁ?»

ዲንግባው ወደ መስኮቱ ተመለከተ።

«ምንም። እናትህ ጨረባ ሠርታልሃለች። አንድ ክንፏ ጠማማ ነው፤ አንተን ትመስላለች።» ወደ ክፍቱ መስኮት ጠጋ አለና፣ «ትደርቃለች እንጂ አትበላሽም። በመጣህ ጊዜ ትበላታለህ።»

ከወዲያ ማዶ አንድ ትንሽ ሳቅ።

«ጅራቷን እንዳትበላብኝ ብቻ፣ አባዬ። አውቅሃለሁ።»

ዲንግባው በመስኮቱ በኩል ወደ ቅርንጫፉ የዘረጋውን እጁን ቀስ ብሎ መለሰ።